በክፍት የከተማ ዜና ገጽ ላይ አይፈለጌ መልእክትንና የተበተነ ጽሑፍን የመቀነሻ መንገዶች፦ ለሐዋሳ ፈቃደኞች

በሐዋሳ የግቢ አጥር ላይ «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ያላየ ሰው የለም፤ በዚያው ጽሑፍ ላይ የቤት ኪራይ፣ የአስጠኚና የደላላ ወረቀት ተደራርቦ ተለጥፎ ያላየም እንዲሁ የለም። ክልከላው ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለጣፊው የሚያወጣው የፎቶ ኮፒና የሙጫ ዋጋ ብቻ ስለሆነ ከመቶ አላፊ አግዳሚ አንዱ ቢደውልለት ይበቃዋል፤ ከልካዩ ግን አጥሩን ቆሞ አይጠብቅም። ማንኛውም ነዋሪ ዜና የሚያወጣበት ድረ ገጽ ያቋቋሙ ሰዎችን የሚገጥማቸው ይኸው ስሌት ነው፤ በድረ ገጽ ላይ ደግሞ የሙጫው ዋጋ እንኳ የለም። ስለዚህ ደንብ ከማብዛት ይልቅ መደጋገም ምንም የማያተርፍበትን ሁኔታ መፍጠር ያዋጣል።

ይህን የምጽፈው ክፍያ የሌላቸው ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከሥራ መልስ ተራ እየገቡ ለሚያስተዳድሩት፣ የአቶቴ ወይም የታቦር ነዋሪ የአርታዒ ፈቃድ ሳይጠብቅ ዜናውን ራሱ ለሚያወጣበት ዓይነት ገጽ ነው። እኔም በዚህች ከተማ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ አገልግያለሁ፤ ከምመክረው ውስጥ ገሚሱን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

ሦስቱን ዓይነት መለየት

አስቀድሞ መደረግ ያለበት፣ በአንድ ስም የሚጠሩትን ሦስት የተለያዩ ነገሮች መለየት ነው። አንደኛው ቦት (ሰው ሳይነካው ራሱ በራሱ የሚለጥፍ ፕሮግራም) የሚለጥፈው ጽሑፍ ነው፤ ይህ ለከተማው አንባቢ ታስቦ አይጻፍም፤ ዓላማው ሊንክ መትከልና አንድን የሩቅ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሰው በእጁ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ወይም ማጭበርበሪያ ሲሆን፣ ያለ ዋስትና ብድር፣ የውጭ አገር ሥራ፣ በሳምንት እጥፍ የሚያስገኝ ገንዘብና የመሳሰለው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው ግን እውነተኛና ጠቃሚ ጽሑፍ ይዞ ያንኑ በየዓምዱ ሥር የሚበትን፣ ብዙውን ጊዜ ቅን የሆነ ሰው ነው። ሦስቱንም በአንድ ዱላ የመታ አስተዳዳሪ መጀመሪያ የሚያጣው ሦስተኛውን ነው፤ ቦቱ ነገም ይመለሳል፣ ቅር ያለው ጸሐፊ ግን አይመለስም።

የዕድር ጡሩምባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ ሲለፍፍ ማንም አይቆጣውም፤ ሥራው ነውና። አንድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያንኑ የለቅሶ መርዶ ሦስት ጊዜ ቢለፍፍ ግን ሰው ወጥቶ «ሰምተናል» ይለዋል። አንድን ዜና ለተለያዩ አንባቢዎች ማድረስ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ለአንዱ አንባቢ ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ ማቅረብ ነው።

ይህ ልዩነት ድረ ገጾች ከመስፋፋታቸው በፊትም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ በአሪዞና የሚሠሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ለአሜሪካ የግሪን ካርድ ሎተሪ አመልካቾች አገልግሎት እንሰጣለን የሚል ማስታወቂያ ዩዝኔት በተባለ የኢንተርኔት መድረክ ከ5,000 በላይ በሆኑ የውይይት ቡድኖች ላይ ለጠፉ። ያ ሎተሪ እኛ ዲቪ የምንለው ነው፤ በኢንተርኔት ታሪክ እጅግ ከታወቁት የንግድ አይፈለጌ መልእክቶች አንዱ የዲቪ ማስታወቂያ መሆኑ ዲቪ በተከፈተ ቁጥር «እንሞላለን» በሚል ጽሑፍ ለምንጥለቀለቅ ሰዎች ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለው። ዩዝኔት አንድን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ልኮ በብዙ ቡድኖች ሥር እንዲታይ የሚያደርግ መንገድ ነበረው፤ በዚህ መንገድ የተላከን ጽሑፍ አንባቢው በአንዱ ቡድን ካነበበው ሶፍትዌሩ በሌላው ዳግመኛ አያቀርብለትም ነበር። ጠበቆቹ ግን ለየቡድኑ ለየብቻ ቅጂ ላኩ፤ ስለዚህም ሰዉ በገባበት ቡድን ሁሉ ያንኑ ማስታወቂያ አገኘ። ቁጣውን የቀሰቀሰው የማስታወቂያው ይዘት ብቻ አልነበረም፤ የአለጣጠፉ መንገድም ጭምር ነበር።

አንድ ጽሑፍ፣ ብዙ ዓምድ

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ተግባራዊ ምክር፣ ሰው እንዳይበትን ከመንገር በፊት የሚበትንበትን ምክንያት ማንሣት ነው። አንድ ነዋሪ በሐይቅ ዳር ስለተቋረጠ ውኃ ሲጽፍ «ጤና»፣ «መሠረተ ልማት» እና «የሠፈር ዜና» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ካየ፣ አንዱን ብቻ ቢመርጥ የሌላው ዓምድ አንባቢ እንዳያመልጠው ይሰጋል፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይለጥፋል። ማስገቢያ ቅጹ ላይ አንዱን ጽሑፍ እስከ ሦስት ዓምድ ድረስ ምልክት አድርጎ ማውጣት ቢቻልና በፊት ገጹ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይ፣ ከዚህ ዓይነቱ ድግግሞሽ አብዛኛው ያለ አንድ ቃል ተግሣጽ ይቆማል። ዓምዶቹን ማሳነስም ይረዳል። እኛ አሥራ አራት ዓምድ ይዘን ጀምረን ነበር፤ ወደ ስድስት ስናወርደው የተበተነው ጽሑፍ ለዓይን በሚታይ መጠን ቀነሰ።

ከሦስት ዓምድ በላይ መምረጥ ለምን እንደማይፈቀድ ግን ጸሐፊው ማወቅ አለበት፤ ለሁሉም የተባለ ዜና ለማንም አይደርስምና። «ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚመለከተው ማንን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ከዓምዶቹ በላይ ማስቀመጥ ጸሐፊውን እንዲያስብ ያደርገዋል።

ድግግሞሹ ከልክ ያለፈ መሆኑን በስሜት ከመወሰን በቁጥር መወሰን ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁለት ፈቃደኞች አንዱን ጸሐፊ በተለያየ ዓይን ሊያዩት ይችላሉ። በዩዝኔት ዘመን ለዚህ የወጣ፣ በሴዝ ብራይድባርት ስም የሚጠራ መለኪያ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ የወጣበት ቡድን ብዛት ስኩዌር ሩት ይወሰድና ይደመራል። አንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ወጥቶ በአራት ዓምድ ቢመደብ ነጥቡ 2 ነው፤ ያው ጽሑፍ በአራት ዓምድ አራት ጊዜ ለየብቻ ቢለጠፍ ግን ነጥቡ 4 ይሆናል። ቀመሩ በአንድ ቅጂ ብዙ ዓምድ የመረጠውን ሰው በቀላሉ ያልፈዋል፤ ቅጂ ያባዛውን ግን ይከብድበታል፤ የዕድሩ ጡሩምባ ፍርድም ይኸው ነበር። በዩዝኔት በ45 ቀን ውስጥ 20 ነጥብ የደረሰ ጽሑፍ ሊሰረዝ የሚገባው ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ለአንዲት ከተማ ገጽ ይህ በጣም የላላ ስለሆነ፣ በሰባት ቀን 5 ነጥብ ያለፈ ጽሑፍ ፈቃደኛ እስኪያየው ራሱ በራሱ ወደ ማቆያ እንዲገባ ማድረግ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአማርኛ «ያው ጽሑፍ» ምን ማለት ነው?

ቀመሩ ሁለት ጽሑፎች አንድ መሆናቸውን ማወቅ ይጠይቃል፤ የአማርኛ ገጽ አስተዳዳሪ ከሌላው የበለጠ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የተወሰደ የማመሳከሪያ ፕሮግራም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ስለዚህ ከማመሳከሩ በፊት ጽሑፉን በውስጥ ቅጂ ላይ ወደ አንድ ወጥ ፊደል ማምጣት ያስፈልጋል፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሁሉም ከነቤተሰቦቻቸው ይመለሳሉ። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም አንድ ይደረጋሉ። «ሆኗል» እና «ሆኑዋል» እንዲገናኙ ዲቃላ ፊደሎቹን መፍታት፣ ሁለት ነጥብን ወደ ባዶ ቦታ መለወጥ፣ አራት ነጥብንና ነጠላ ሰረዝን ማውጣት ይከተላል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማመሳከሪያ ብቻ ነው፤ አንባቢው የሚያየው ጸሐፊው እንደጻፈው መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ የሰው ስም በሌላ ፊደል ወጥቶ ሌላ ቅሬታ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን በአምስት አምስት ተከታታይ ቃላት እየቆረጡ መቁጠር ነው። የ400 ቃላት ጽሑፍ 396 እንዲህ ያሉ ቁራጮች ይኖሩታል፤ አዲሱ ጽሑፍ ከአሮጌው ጋር ከቁራጮቹ ከአሥር ስምንቱን የሚጋራ ከሆነ፣ ርእሱ ቢለወጥም መግቢያው ቢቀየርም ጽሑፉ ያው ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ እንዲጣል አልመክርም። ፕሮግራሙ ከመለጠፉ በፊት ለጸሐፊው «ይህ ጽሑፍ ማክሰኞ ከወጣው ጋር ይመሳሰላል፤ በዚያው ላይ አዲስ መረጃ መጨመር ይፈልጋሉ?» ብሎ የቀድሞውን ቢያሳየው፣ ቅን ጸሐፊዎች ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። ይህን ጥያቄ አልፎ የሚለጥፍ ሰው ግን ወደ ማቆያ መግባቱ ተገቢ ነው።

ከፊደል ይልቅ የስልክ ቁጥር ይበልጥ ያስታውቃል። አጭበርባሪ ቃላቱን በየቀኑ ሊለውጥ ይችላል፤ የሚደወልበትን ስልክ፣ የባንክ ሒሳቡን ወይም የቴሌግራም ስሙን ግን ቶሎ ቶሎ መለወጥ አይመቸውም፤ ገንዘቡ የሚመጣው በዚያ ነውና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ቁጥሮችን ብቻ አውጥቶ መመዝገብና ማመሳከር ያስፈልጋል። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር፣ በ+251 የሚጀምር፣ በባዶ ቦታ ወይም በሰረዝ የተከፋፈለ ቁጥር ሁሉ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አኃዞች ብቻ በመያዝ ወደ አንድ መልክ ይመጣል። በሦስት የተለያዩ ስሞች የተከፈቱ አካውንቶች አንድ ስልክ ሲጋሩ ብዙውን ጊዜ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ብዙውን ጊዜ የምለው አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ ለብዙ ደንበኞች በሐቀኝነት ሊለጥፍ ስለሚችል ነው፤ ለእርሱ ደግሞ የሚስማማው ቦታ የማስታወቂያ ዓምድ ነው።

አፋልጉኝና የእርዳታ ጥሪ

እጅግ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። ልጁ የጠፋበት ሰው፣ እናቱ በሆስፒታል ደም የምትፈልግበት ሰው አንድ ጽሑፍ በስድስት ዓምድ ሥር ቢበትን ደንብ መጥቀስ ነውር ነው። ደንቡ ለእርሱ አልወጣምና። ነገር ግን መፍትሔ ካልተዘጋጀለት ሌላ ችግር ይመጣል፤ የተገኘው ልጅ ከስድስት ወር በኋላም በቅጂዎቹ ምክንያት «ይፈለጋል» እየተባለ ይዞራል፤ ደሙን ያገኘችው እናት ስልክ ሳያቋርጥ ይደወልላታል።

ለዚህ «አፋልጉኝ» የሚል፣ በፊት ገጹ አናት ላይ ቋሚ ቦታ ያለው ዓምድ ማበጀት ይጠቅማል። ጥሪው አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ ጠያቂው አዲስ ነገር በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፤ የወጣበት ቀን ከርእሱ አጠገብ በግልጽ ይጻፋል፤ በሰባተኛው ቀን ጠያቂው ካላደሰው ራሱ ይወርዳል። ሰውዬው ሲገኝ ጽሑፉ አይጠፋም፤ «ተገኝቷል» የሚል ይታተምበታል፤ ምክንያቱም ሌሎች በሌላ ቦታ የበተኑትን ቅጂ ያየ ሰው ሊያጣራ የሚመጣው እዚህ ነው።

ለሕክምና ገንዘብ የሚጠየቅበት ጽሑፍ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት በሰው ዓይን መታየት አለበት፤ በዚህ ላይ ክፍትነት የሚባለውን መርሕ ጥሼዋለሁ፤ አልቆጭም። ማታለያው እንዲህ ነው፤ እውነተኛውን ጥሪ ከነፎቶው ይገለብጡና የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ይለውጣሉ። ከላይ የተጠቀሰው የቁራጭ ማመሳከሪያ እዚህ ላይ ውለታ ይሠራል፤ ጽሑፉ ከአሮጌው ጋር ዘጠና በመቶ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ሲለይ ጽሑፉ ወዲያውኑ ታግዶ ለቀድሞው ጠያቂ ይደወልለታል። አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገን ስንደውል፣ ቁጥሩን የለወጠው ወንድምየው ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ የእኅትየው ሒሳብ ችግር ገጥሞት ኖሯል። ስለዚህ ከማውገዝ በፊት መደወል ይቀድማል።

ቦቶችን በተመለከተ

ቦትን ማገድ ከቀረው ሁሉ ይቀላል። ማስገቢያ ቅጹ ላይ ለሰው ዓይን የማይታይ ባዶ ሣጥን ይጨመር፤ ሰው ስለማያየው አይሞላውም፤ ቅጽ በጭፍን የሚሞላ ቦት ግን ይሞላዋል፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሳይወጣ ይቀራል። በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን በዚህ ሣጥን እንዳይያዙ፣ ስልኩም ስምና አድራሻ በራሱ እንዳይሞላበት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቅጹ ተከፍቶ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ተሞልቶ የተላከ ጽሑፍም መታገድ አለበት።

ካፕቻ የሚባለውን የሥዕል ፈተና አልመክርም። ሥዕሎቹ በደካማ የሞባይል ዳታ እስኪከፈቱ ሰው ይሰለቻል፤ ደግሞም በአሜሪካ መንገድ ዳር የቆመውን የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ለይ የተባለ የሐዋሳ ሽማግሌ ምን እንደተጠየቀ አይገባውም። እኛ በምትኩ «በአሞራ ገደል ከሐይቁ ወጥቶ የሚሸጠው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ደኅና ሰዎች በር ላይ ቀሩ፤ ፕሮግራሙ «ዓሣ»ን ብቻ ሲጠብቅ ሰዉ «አሳ»፣ «ዓሳ» እና «አሣ» እያለ ይጽፍ ነበር። የከተማዋን ስም ብንጠይቅም «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» የሚሉ መልሶችን ሁሉ መቀበል ነበረብን። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየወሩ ከተለወጠና የፊደል አንድ ማድረጊያው በመልሱም ላይ ከሠራ ተራ ቦቶችን ያቆማል፤ ገጹን ለይቶ የሚያጠቃን ሰው ግን አያቆምም።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ የፍለጋ ሞተሮች «ኖፎሎው» የሚባለውን የሊንክ ምልክት ከግምት ያስገባሉ፤ ምልክቱ የተደረገበት ሊንክ ለሚያመለክተው ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ድጋፍ ሆኖ እንዳይቆጠር የተዘጋጀ ነው። ነዋሪዎች በሚያስገቡት ሊንክ ሁሉ ላይ ይህን ማድረግ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ቦቶች ምልክቱን አይተው አይመለሱምና ብቻውን አይበቃም። አዲስ አካውንት የሚለጥፋቸውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጽሑፎች በአንድ ፈቃደኛ እስኪታዩ ማቆየት፣ እነዚህ ካለፉለት በኋላ በነፃ መልቀቅ፣ ከሁለት በላይ ሊንክ ያለበትን የጀማሪ ጽሑፍም ማቆየት ሁሉ ይረዳል።

አይፒ አድራሻን (ወደ ኢንተርኔት የገባ መሣሪያ የሚታወቅበትን ቁጥር) ማገድ ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች በአንድ አድራሻ ሥር ሊታዩ ይችላሉ፤ በአንድ ለጣፊ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ግቢ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከውጭ የሚመጣው ቆሻሻ በአብዛኛው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የግእዝ ፊደል የሌለበትን ጽሑፍ ሁሉ ማገድ ፈታኝ አቋራጭ ነው። በሐዋሳ ይህን ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋም ነው። ወላይትኛም እንዲሁ ይጻፋል። አማርኛን በላቲን ፊደል ከስልኩ የሚጽፍ ወጣትም አለ። የተከለከሉ ቃላት ዝርዝርም ብዙ አይረዳም፤ «ብድር» የሚለው ቃል «የብድር»፣ «በብድሩ»፣ «ለተበዳሪ» እያለ ስለሚለዋወጥ አንዱን ይዘው ሌላውን ይስታሉ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ «ከሐሰተኛ የብድር ማስታወቂያ ተጠንቀቁ» የሚለው ዜና ራሱ መታገዱ ነው።

ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ጽሑፍ

አንድ ጽሑፍ በፌስቡክም፣ በቴሌግራምም፣ በእኛም ላይ ሲወጣ ክፍት ገጹ የራሱ መልክ የሌለው የጋራ ሰሌዳ ይሆናል። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመሥሪያ ቤት ኮሙኒኬሽን ሠራተኞች፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለአንድ ጉዳይ የሚሟገቱ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ የምናቀርበው ደንብ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ጽሑፉ መጀመሪያ የወጣበት ቦታና ቀን በመጀመሪያው መስመር ይገለጽ፤ ሙሉውን ከመገልበጥ ይልቅ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተጠቃሎ ሊንኩ ይያያዝና ጸሐፊው ጉዳዩ ለዚህች ከተማ ያለውን ትርጉም በራሱ ቃል ይጨምርበት። የመጨረሻው ሐሳብ ከሁሉ ይበልጥ ይሠራል። ለአሥር ገጽ የሚበትን ሰው ለእያንዳንዱ የተለየ አንቀጽ መጻፍ ይታክተዋል፤ ለሐዋሳ በእውነት የሚያስብ ሰው ግን ደስ እያለው ይጽፋል።

የተነሣ ጽሑፍ የት ይሂድ?

የክፍት ኅትመት ገጾች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 በሲያትል ከተጀመረውና ማንም ሰው ዜና ከሚያወጣበት ኢንዲሚዲያ ወዲህ የተማሩት ጠቃሚ ልማድ፣ ከፊት ገጹ የተነሣን ጽሑፍ ከመደምሰስ ይልቅ ማንም ሊያየው በሚችል የተለየ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ የተነሣ ጽሑፍ አጠገብ «ከሰኞው ጋር አንድ ነው»፣ «የንግድ ማስታወቂያ ነው» የሚል አጭር ምክንያትና የተነሣበት ሰዓት ይጻፍ። ብዙ ቋንቋና ብዙ አመለካከት ባለበት ከተማ ምክንያቱ ሳይነገር የጠፋ ጽሑፍ ወዲያው «የእገሌ ወገን አጠፋው» ይባልበታል፤ ክርክሩም ከጠፋው ጽሑፍ ይረዝማል። ይህ የተለየ ገጽ በፍለጋ ሞተር እንዳይመዘገብ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ ለአይፈለጌ መልእክት ሁለተኛ ቤት ሠራንለት ማለት ነው። የሰው የግል መረጃ፣ ማጭበርበሪያ ሒሳብ ወይም ጥላቻ ያለበት ጽሑፍ ግን እዚያም አይቀመጥም።

ጸሐፊውም ይነገረው። እኛ የምንልከው መልእክት ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልን። ስለ መናኸሪያው መንገድ የጻፉትን ጽሑፍ በ«መሠረተ ልማት» ዓምድ አቆይተን በሌሎቹ ሦስት ዓምዶች የነበሩትን ቅጂዎች አንሥተናል፤ ያነሣነው አንባቢ አንዱን ጽሑፍ አራት ጊዜ እንዳያገኝ ነው። አዲስ መረጃ ካለዎት በዚያው ላይ ቢጨምሩ ጽሑፉ ወደ ላይ ይወጣል። ተሳስተናል ብለው ካመኑ ይጻፉልን፤ ሌላ ፈቃደኛ ያየዋል።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እውነት ይሁን፤ ያነሣው ሰው ራሱ ቅሬታውን መመርመር የለበትም።

የሕጉን ጉዳይ ባጭሩ ላንሣ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ የንግድ መልእክት መበተንን የሚመለከት ድንጋጌ አለው፤ የላኪው ማንነትና አድራሻ የተገለጸበትንና ተቀባዩ በቀላሉ እምቢ ማለት የሚችልበትን መልእክት ለይቶ ያያል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በሚመለከት ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ እንዲወስድ ተደንግጓል። ስለዚህ የጥቆማ ሣጥኑን በየቀኑ የሚከፍት ሰው ተራ ሊመደብለት ይገባል፤ ባዶ ቢሆንም።

ጎርፍ በመጣ ቀን

ዲቪ ሲከፈት፣ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ወይም በአዲስ ዓመት ዋዜማ በአንድ ሌሊት መቶ ጽሑፍ ሊገባ ይችላል። በዚያን ጊዜ አንድ በአንድ ማጥፋት መጀመር የለበትም። መጀመሪያ አዲስ አካውንት መክፈት ለስድስት ሰዓት ይቁም፤ የቆዩ ጸሐፊዎች ግን መለጠፋቸውን ይቀጥሉ። ቀጥሎ የገቡት ጽሑፎች በስልክ ቁጥርና በሊንክ ይደርደሩ፤ አንዱን ቁጥር የያዙት ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ይነሡ፤ ከእነዚህ የተረፈውን ሁለት ፈቃደኞች ተካፍለው ያንብቡ። በስሕተት የታገደ ደኅና ጽሑፍ ስንት እንደሆነ በደብተር ይመዝገብ፤ ከታገዱት አሥር አንዱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ማጥሪያው ጠብቋልና ይላላ። በፊት ገጹ ላይም «እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት አዲስ አካውንት አንከፍትም፤ አስቸኳይ አፋልጉኝ ያለው ሰው በዚህ ስልክ ይደውል» የሚል አንድ መስመር ይውጣ፤ ስልኩን የሚያነሣ ሰውም ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ይመደብ።